«ደግሞ ሌላ ኬላ?» የመጨናነቅ ክፍያ ምንድን ነው? ሰውስ ለምን ይቆጣበታል?

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፎ ለገጣፎ መድረስ መንገዱን ለለመደ ሹፌር ከባድ አይደለም። ነገሩ የሚጠነክረው ካራ ላይ ነው። ከካራ በኮተቤ ወርዶ ላምበረት፣ ከላምበረት መገናኛ፤ በኪሎ ሜትር ሲለካ ምንም አይደል። በጠዋት የመጣ ተሳፋሪ ግን ከሰንዳፋ ካራ ከመጣበት የበለጠ ጊዜ እዚያች ላይ ሊጨርስ ይችላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንዲሁ ተገትረን ሳለ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ወሬ ለመጀመር ያህል፣ ለንደን ውስጥ በሥራ ሰዓት መሃል ከተማ የሚገባ መኪና ገንዘብ እንደሚከፍል ነገርኩት። ዓይኑን ከፊቱ ካለው አይሱዙ ሳይነቅል «ደግሞ ሌላ ኬላ?» አለኝ። ከኋላችን የተቀመጡ እናት የራጅ ፖስታቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ቆመንም ልንከፍል ነው?» አሉ። የሦስት ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ አላቸው።

ሁለቱም ጥያቄዎች ልክ ናቸው። ይህን ክፍያ ሞክረው የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም ከተሞች የገጠማቸው ሙግት ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ አይርቅም። ነገሩ ወደኛ ከመጣ ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሃል ሜዳ በዚያ በር የምንገባውን ሁሉ ስለሚነካ፣ ከወዲሁ በደንብ ብንረዳው ይሻላል።

ከኬላው ልጀምር። ሸዋ ውስጥ ይህ ቃል የቆየ ነው። አንኮበር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከቆላ ጨውና ጨርቅ ጭኖ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ አልዩ አምባ ሲደርስ ቀረጥ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ደግሞ የጭነት ሹፌር «ኮቴ» ሲል ሁሉም ይገባዋል፤ በአንድ ቦታ ስላለፍክ ወይም ስለጫንክ የምትከፍለው ነው። ደረሰኝ ያለውም የሌለውም አለ። የሚያመሳስላቸው፣ ከፍለህ ስታልፍ መንገዱ ሳትከፍል እንደነበረው መሆኑ ነው። ጉድጓዱም ያው ነው፣ ሰልፉም ያው ነው፤ እንዲያውም ገመዱ ጋ የቆምክበት ጊዜ ይጨመርበታል። ሹፌሩ «ሌላ ኬላ» ሲለኝ በአእምሮው የነበረው ይህ ነው።

ሁለተኛ ዓይነት ክፍያም እናውቃለን። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ መኪና ሁሉ እየከፈለ ይሄድበታል፤ ሲከፍል የሚራገም ሹፌር ግን አላጋጠመኝም። የሚገዛውን ስለሚያውቅ ነው። በከፈለው ገንዘብ ሰዓት ይቆጥባል፤ መክፈል ያልፈለገም በቢሾፍቱ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ አለለት።

የመጨናነቅ ክፍያ ከሁለቱም ይለያል። መንገዱን ለመሥራት የወጣውን ወጪ ለመመለስ አይደለም፤ አንድ መኪና ሁሉም በሚፈልገው ሰዓት፣ ሁሉም በሚፈልገው ቦታ ላይ ለሚይዘው ስፍራ የሚከፈል ነው። በሌላ ሰዓት ለመጣ ይቀንሳል ወይም በነጻ ይሆናል። ከከተማው ዳር ለቀረም የለበትም።

ለምን ያስፈልጋል? የፋሲካ ሰሞን ወፍጮ ቤት የተሰለፈ ሰው መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንዱ ሁለት ኩንታል ጭኖ መጥቶ ወረፋ ይይዛል። ወረፋውን ይጠብቃል፣ የማስፈጫውን ከፍሎ ይሄዳል። ከኋላው ያሉት ሃያ ሰዎች ግን የእሱ ሁለት ኩንታል እስኪያልቅ ቆመዋል። ለዚያ ጊዜያቸው ማንም አልከፈላቸውም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚታየው የራሱ ወረፋ ስለሆነ ነው። ባለ ወፍጮው «ማታ ለሚያመጣ እቀንሳለሁ» ቢል ኖሮ ግን ያ ሰው ምናልባት ማታ ይመጣ ነበር።

መገናኛ የሚገባው መኪናም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ አንድ መኪና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ከኋላው ያሉትን 300 መኪኖች እያንዳንዳቸውን 2 ሰከንድ ብቻ ቢያዘገይ፣ ሲደመር 10 ደቂቃ ነው። ከ300ዎቹ ብዙዎቹ ሰው የሞላባቸው ሚኒባሶች ከሆኑ ደግሞ ይህ 10 ደቂቃ በተሳፋሪ ይባዛል። ባለ መኪናው የከፈለው ግን የራሱን ነዳጅና የራሱን ጊዜ ብቻ ነው። ዊልያም ቪክሪ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህን ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲከራከር ኖረ፤ በሕይወት ሳለ ሰሚ ያገኘው በጥቂት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት እንዳሸነፈ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር አለ። መጨናነቁን ለማቅለል ከመንገዱ መውጣት ያለበት መኪና ብዙ አይደለም። ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የኮተቤን መንገድ ያየ ያውቀዋል። መንገዱ አልሰፋም፣ ድልድይም አልተጨመረበትም፤ ተማሪ የሚያመላልሱ መኪኖች ብቻ ቀሩ፣ መንገዱም ተነፈሰ። የመጨናነቅ ክፍያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ሁሉንም ሳይሆን፣ ሰዓቱን መቀየር፣ አውቶቡስ መያዝ ወይም ጉዳዩን ለሌላ ቀን ማድረግ የሚችለውን ጥቂቱን ማንሳት።

መጀመሪያ የሞከረችው ሲንጋፖር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ጠዋት መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና በቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነበር። አራት ሰው የጫነ መኪና በነጻ ይገባ ስለነበር ባለ መኪኖች አውቶቡስ ፌርማታ እየቆሙ የማያውቁትን ሰው ያሳፍሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1998 ወረቀቱ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ተተካ።

ለንደን እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 2003 ስትጀምር ከንቲባው ኬን ሊቪንግስተን ነበሩ፤ ክፍያው በቀን 5 ፓውንድ። ጋዜጦች ቀውስ ይመጣል ብለው ሲጽፉ ከርመዋል። ቀውስ አልመጣም። ቀኑ የተመረጠው ትምህርት ቤቶች ለአጭር ዕረፍት በተዘጉበት ሳምንት ነበር፤ ሐምሌን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ወደ 300 የሚጠጉ ተጨማሪ አውቶቡሶችም አብረው ሥራ ጀመሩ። ክፍያው ወደሚጠየቅበት ቀጠና የሚገባው መኪና በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 18 ያህል ቀነሰ። ገቢው ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውልም በሕግ ታሰረ። ከንቲባው በተከታዩ ዓመት እንደገና ተመረጡ።

ይሁንና የለንደን ታሪክ ሁሉ ድል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቀጠናው ወደ ምዕራብ ሰፍቶ ነበር፤ ነዋሪውና ነጋዴው አጥብቆ ስለተቃወመ ተከታዩ ከንቲባ አነሱት። የመንገዱ ፍጥነትም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ወረደ፤ መንገድ ሲቆፈር፣ ለአውቶቡስና ለእግረኛ ቦታ ሲለቀቅ ለመኪና የቀረው ጠበበ። ክፍያው ደግሞ እየጨመረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2020 15 ፓውንድ ደረሰ። ለእኛ ሰው «ገቡበት፣ ከዚያ ጨመሩበት» ማለት የሚያስችል በቂ ምክንያት ነው፤ አልፈርድበትም።

ትልቁ ትምህርት ያለው ስቶክሆልም ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የስዊድን ዋና ከተማ ክፍያውን ልታስጀምር ስትል አብዛኛው ነዋሪ ተቃዋሚ ነበር። ፖለቲከኞቹ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ሕዝቡን «ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብለው ሳይጠይቁት በፊት ለሰባት ወር አሳዩት። እ.ኤ.አ. ከጥር 3 እስከ ሐምሌ 31 ቀን 2006 በሙከራ ሠራ። ሙከራው ከመጀመሩ ወራት በፊት አዳዲስ አውቶቡሶችና መስመሮች ሥራ ጀምረዋል። ማለትም ሰው መኪናውን አቁም ከመባሉ በፊት የሚሳፈርበት ነገር በሩ ላይ ደርሶለታል። ክፍያው እንደ ሰዓቱ 10፣ 15 ወይም 20 ክሮነር ነበር፤ ማታና ቅዳሜና እሑድ ምንም የለም። በድልድዮቹ ላይ ገመድም ዘበኛም አልነበረም፤ ካሜራ ታርጋ ያነባል፣ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል።

የመኪናው ቁጥር ወደ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሙከራው ቆመ፣ መኪናውም መመለስ ጀመረ። ሕዝቡ በክፍያውና ያለ ክፍያው ያለውን ልዩነት በራሱ መንገድ ላይ፣ በራሱ ዓይን አየ። በመስከረም ድምፅ ሲሰጥ የከተማው ነዋሪ በጠባብ ልዩነት፣ በ53 በመቶ ያህል ደገፈው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ቋሚ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደጋፊው ወደ 70 በመቶ ተጠጋ። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ደግሞ ይህን ነው፦ ሐሳባቸውን ከቀየሩት ብዙዎቹ መቀየራቸውን አያስታውሱትም፤ ከመጀመሪያውም ደጋፊ የነበሩ ይመስላቸዋል።

ከዚህ ጎን ኤድንብራን አስቀምጧት። የስኮትላንድ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ነዋሪዋን በቅድሚያ ጠየቀች፤ 74 በመቶው እንቢ አለ፣ ነገሩ እዚያው ተቀበረ። ማንችስተር በ2008 እንዲሁ ጠየቀች፤ 79 በመቶው እንቢ አለ። እነዚህ ሰዎች ከስቶክሆልም ሰው የተለዩ ሆነው አይደለም። የስቶክሆልም ሰውም አስቀድሞ ቢጠየቅ እንቢ ይል ነበር። ሰው ገና ያላየውን ጥቅም ከኪሱ በእርግጥ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲያመዛዝን የሚያሸንፈው ገንዘቡ ነው። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቃል ተገብቶለት ያልተፈጸመለት ሰው ጥንቃቄ ነው።

ጎተንበርግ ያችው ስዊድን ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀመረች፣ በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቧ ተጠይቆ 57 በመቶው ተቃወመ። ክፍያው ግን ቀጠለ፤ ምክንያቱም ለትልልቅ የመንገድና የባቡር ግንባታዎች የተያዘው ገንዘብ ከዚያ የሚመጣ ነበር። ከተማዋ እንደ ስቶክሆልም የተጨናነቀች አልነበረችም፤ ሰው የተረዳው ዋናው ዓላማ ገንዘብ መሰብሰብ መሆኑን ነው። የእኔ ግምት ቁጣው ከክፍያው ይልቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ነው። ድምፅህን ጠይቆ ከዚያ ድምፅህን ወደ ጎን ማለት የትም አገር ያስቆጣል።

ሚላኖ በተቃራኒው የበካይ መኪኖችን ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምራ ሦስት ዓመት ስትሠራበት ከቆየች በኋላ ሕዝቧን በ2011 ጠየቀች፤ 79 በመቶው ይጠናከር አለ። ኒው ዮርክ ደግሞ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ፣ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩትም በአገረ ገዢዋ ታግዶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2025 በ9 ዶላር ጀመረች። ገቢው በአብዛኛው ለምድር ውስጥ ባቡሩና ለአውቶቡሱ ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ፤ «ቆመንም ልንከፍል ነው?» የእሳቸው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ለመንገድ ፈንድ የሚሄድ አለ፤ ቀረጡ አለ፣ ዓመታዊ ምርመራው አለ። «ሀብታሙ ከፍሎ ጭር ባለ መንገድ ይንሸራሸራል፣ ድሃው ይቀራል» የሚለው ክስም በየከተማው ተነሥቷል። የክሱ መልስ አንድ ብቻ አይደለም፤ የሚወሰነው ማን መኪና እንዳለውና ክፍያው እንዴት እንደተሠራ ነው።

እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሚሄደው በሚኒባስ፣ በአውቶቡስና በእግሩ ነው። መሃል ከተማ ለመግባት ለእያንዳንዱ መኪና 100 ብር ተጠየቀ እንበል፤ ለሒሳብ ያህል ነው። ብቻውን የሚነዳ ሰው 100 ብሩን ብቻውን ይችላል። 15 ሰው የጫነ ሚኒባስ ግን ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ7 ብር ያነሰ ነው፤ መንገዱ ከተከፈተለት ደግሞ የሚያገኘው ትርፍ የ15 ሰው ጊዜ ነው። ስለዚህ በትክክል ከተሠራ ድሃው ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል።

ግን «በትክክል» የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። የኛ ሚኒባስ ታሪፉ በመንግሥት የተወሰነ ነው። ክፍያ ቢጨመርበት ሹፌሩ በሕጋዊ መንገድ ከተሳፋሪ ሊቀበለው አይችልም። ወይ ከራሱ ያወጣል፣ ወይ ረዳቱ «መሙያ ጨምሩ» ይላል፤ የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ሕዝብ ማመላለሻን ከክፍያው ነጻ ማድረግ ግዴታ ነው። እዚህም ላይ መጠንቀቅ አለብን፤ ሕጉን ከውጭ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። ስቶክሆልም ነጻ ያደረገችው 14 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ አውቶቡስን ነው። ያንን ብንቀዳ ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ሃይሩፍ ከቤት መኪና ጋር እኩል ይከፍላል። ለንደን ደግሞ 9 ወንበርና ከዚያ በላይ ያለው መኪና ተመዝግቦ ነጻ የሚሆንበት ደንብ አላት። የኛን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ሌላው የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነው። የጫነው አይሱዙ ጣርማ በርን በሌሊት ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን በብርድ አልፎ፣ ሳይነጋ አዲስ አበባ የአትክልት ገበያ ለመድረስ ይሮጣል፤ ከረፈደ ገበያውም ያልፈዋል፣ ለጭነት መኪና የተወሰነው የሰዓት ገደብም አለ። ክልከላና ክፍያ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ክልከላ ለሚበሰብስ ሽንኩርትና ለማይበሰብስ ብሎኬት ልዩነት የለውም። ክፍያ ግን የቸኮለው እንዲገባ፣ ያልቸኮለው እንዲጠብቅ ምርጫ ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የቤት መኪኖች በሙሉና በጎዶሎ ታርጋ በፈረቃ እንዲወጡ ሲደረግ አይተናል። ለአጭር ጊዜ ይሠራል። ሜክሲኮ ሲቲ ግን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ስታደርግ አቅም ያለው ሰው ሁለተኛ መኪና በሌላ ታርጋ እየገዛ አመለጠ፤ ብዙ ጊዜም የሚገዛው አሮጌና ጭሳም መኪና ነበር።

ካሜራው የሰው መውጫና መግቢያ መከታተያ ይሆናል የሚለው ስጋትም ቀላል አይደለም። የተነበበው ታርጋ በስንት ቀን እንደሚሰረዝ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል በሕግ ካልተጻፈ ሰው ቢጠራጠር እውነቱን ነው።

እኔ ክፍያውን እደግፋለሁ። የምደግፈው ግን በቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ አውቶቡሱ ይምጣ፤ ከካራ እስከ መገናኛ ለብቻው የሚሄድበት መስመር ይሰመርለት። ከዚያ ክፍያው ለተወሰነ ወር ይሞከር፣ የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ይታወቅ። የተሰበሰበው ብርና የተገዛበት ነገር በየወሩ በሬዲዮ ይነገር፤ በላምበረት መናኸሪያ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ሰው ይጠየቅ፤ ሲጠየቅም ካራ ላይ በየቀኑ የሚቆመው የደብረ ብርሃን፣ የሸኖና የሰንዳፋ ሰው አብሮ ይጠየቅ፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ አይሁን። ይህ ተገልብጦ ክፍያው ቀድሞ አውቶቡሱ «በቅርቡ» ከተባለ፣ ሹፌሩ ኬላ ቢለው የሚያሳፍረው ነገር የለም፤ ትክክለኛ ስሙ ያው ነው።

ያን ሰኞ ይህን ሁሉ አላስረዳሁም፤ ስቶክሆልም ላይ ስደርስ ሰዓቱ 2:40 ሆኗል። ላምበረት ሳንደርስ እናታችን ፖስታቸውን አንሥተው፣ «በእግሬ ይሻለኛል፣ አውርዱኝ» አሉ። ረዳቱ በሩን ከፈተላቸው። በእግረኛው ዳር እየቀደሙን ሲሄዱ ነጠላቸው ለረጅም ጊዜ ይታየን ነበር።

ሹፌሩ መሪውን በጣቱ እየነካካ ሒሳብ ይሠራል። «እዚች ላይ የምትቀልጠዋ ሰዓት ብትመለስልኝ፣» አለኝ፣ «ከሰዓት ላምበረት ቀድሜ ተራ እይዛለሁ፤ ሳይመሽም ደብረ ብርሃን እገባለሁ።» ትንሽ ዝም ብሎ ወደኔ ዞረ።

«ደረሰኝ አለው?»